የሕዝብ ብዛት፣ ሰብዓዊ ልማትና የክልሎች የነፍስ ወከፍ ገቢ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ጉዳይ ጥያቄ የሚያበዙት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዜና ላይ «ይህ ክልል ከዚያኛው በሦስት እጥፍ ሀብታም ነው» የሚል ቁጥር ሰምቶ ግራ የገባው ነው። ሁለተኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ይዞ የተወጠረ ተማሪ ነው። መልሶቹ ለሁለቱም እንዲሆኑ ሞክሬያለሁ። ክልል ስል በአንድ አገር ውስጥ ያለን ማንኛውንም አስተዳደራዊ ክፍል ማለቴ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ክልል የነፍስ ወከፍ ገቢ ሲባል ምን ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ በክልሉ ውስጥ በዓመት የተመረተው ዕቃና አገልግሎት ጠቅላላ ዋጋ ለነዋሪው ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ነው። ስሙ ገቢ ይባል እንጂ የሚለካው ምርት ነው። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ማዕድን የሚያወጣ ኩባንያ ትርፉን ሌላ አገር ላሉ ባለቤቶቹ ቢልክም፣ ምርቱ የሚመዘገበው ማዕድኑ በወጣበት ክልል ነው። በተቃራኒው ደግሞ ከውጭ የሚላክ ሐዋላ ስንቱን ቤተሰብ ቢያኖርም ከክልሉ ምርት ውስጥ አይገባም።

ከዚያ «ማን ተቆጠረ?» የሚለው ይመጣል። ሉክሰምበርግ ውስጥ ከሚሠራው ሰው ግማሽ የሚጠጋው በየቀኑ ከፈረንሳይ፣ ከቤልጂየምና ከጀርመን ይመላለሳል። ምርቱ ለሉክሰምበርግ ይያዛል፤ ሰዎቹ ግን የሚቆጠሩት በሚያድሩበት አገር ነው። ዋሽንግተን ዲሲም ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ በላይ የሚታየው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። የቻይናው ደግሞ የባሰ ነበር። ለረጅም ጊዜ የብዙ ግዛቶች ምርት የሚካፈለው እዚያ ለሚኖረው ሳይሆን እዚያ ለተመዘገበው ሕዝብ ነበር። ጓንግዶንግን የመሰሉ የባሕር ዳርቻ ግዛቶች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፍልሰተኛ ሠራተኞችን ከሂሳቡ ውጭ እያደረጉ ከልክ በላይ ሀብታም መሰሉ። ሠራተኞቹን የላኩት ግዛቶች ደግሞ ከሆኑት በላይ ድሃ ሆነው ታዩ።

ስለዚህ እኔ የክልል ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የማየው አካፋዩን፣ ማለትም የሰዉን ቁጥር ነው። ብዙ ሰው ግን ዓይኑን የሚጥለው ተካፋዩ፣ ማለትም ምርቱ ላይ ብቻ ነው።

ሕዝብ ሲበዛ የነፍስ ወከፍ ገቢ ይቀንሳል ማለት ነው?

በወረቀት ላይ አዎ ይመስላል። አካፋዩ ሲያድግ ድርሻው ያንሳል። ችግሩ ሰው በሂሳቡ ውስጥ ሁለት ቦታ መኖሩ ነው። ከታች አካፋይ ነው፤ ከላይ ደግሞ ምርቱን የሚያመርተው እሱው ነው። አዲስ የመጣው ሰው ከአማካዩ በላይ የሚያመርት ከሆነ የነፍስ ወከፉ ይጨምራል። በታች የሚያመርት ከሆነ ይቀንሳል። ገና ሕፃን ከሆነ ደግሞ ለጊዜው የሚበላ እንጂ የሚያመርት አይደለም።

ከብዛቱ ይልቅ የእድገቱን ፍጥነት ማየት ይሻላል። ቀላል ስሌት እንሥራ። የአንድ ክልል ምርት በዓመት 6 ፐርሰንት ያድጋል እንበል። ሕዝቡ በ3 ፐርሰንት ካደገ የነፍስ ወከፉ የሚያድገው 3 ፐርሰንት ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት እጥፍ ለመሆን 23 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ሕዝቡ በ1 ፐርሰንት ብቻ ቢያድግ ግን 14 ዓመት ይበቃዋል። ምርቱ በሁለቱም ላይ ያው ነው።

ይህ ስሌት ግን አንድ ነገር ደብቋል። የሕዝቡ እድገት ሲቀንስ የምርቱም እድገት ባለበት ይቆያል ብለን ገምተናል። ሁልጊዜ እንዲያ አይሆንም። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ቶማስ ማልተስ በ1798 ሕዝብ ከምግብ ቀድሞ ያድጋል ብሎ ሲያስጠነቅቅ የዓለም ሕዝብ 1 ቢሊዮን ገደማ ነበር። በኅዳር 2022 8 ቢሊዮን ደረሰ። አማካይ ገቢውም ከማልተስ ዘመን ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይሁንና ማልተስ ተሳስቷል ብሎ መዝጋትም አይበቃም። መሬቱ የተወሰነ፣ ካፒታሉ አነስተኛ፣ ከእርሻ ሌላ ሥራ የሌለበት ክልል ዛሬም ጭንቀቱን ያውቀዋል። የሰው ቁጥር ሲጨምር ማሽኑ፣ መንገዱና መማሪያ ክፍሉ በዚያው ልክ ካልጨመረ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የሚደርሰው መሣሪያ ይሳሳል። ኢኮኖሚስቶች ስለ ሕዝብ እድገት ሲጨነቁ በአብዛኛው የሚያስቡት ይህንን ነው።

የዕድሜ ስብጥርስ ለውጥ ያመጣል?

በጣም። እንዲያውም ከጠቅላላ ብዛቱ ይልቅ የዕድሜ ስብጥሩ ይበልጣል ባይ ነኝ።

የነፍስ ወከፍ ምርትን በሦስት ክፍልፋዮች ብዜት መበተን ይቻላል። አንደኛ፣ አንድ ሠራተኛ ምን ያህል ያመርታል? ሁለተኛ፣ በሥራ ዕድሜ ላይ ካሉት ውስጥ ስንቱ ሥራ አለው? ሦስተኛ፣ ከጠቅላላው ሕዝብ ስንቱ በሥራ ዕድሜ ላይ ነው? የሥራ ዕድሜ ሲባል በተለምዶ ከ15 እስከ 64 ነው። ይቺን ማባዛት የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሁለት ክልሎችን እናስብ። የሠራተኞቻቸው ምርታማነት እኩል ነው። በሥራ ዕድሜ ላይ ካሉት ውስጥ ሥራ ያለው ድርሻም እኩል ነው። ግን በአንዱ ከ100 ሰው 65ቱ በሥራ ዕድሜ ላይ ናቸው፤ በሌላው 50 ብቻ። የመጀመሪያው በነፍስ ወከፍ 30 ፐርሰንት ይበልጣል። ሰዎቹ ጎበዝ ስለሆኑ አይደለም፤ ጥገኛው ስለሚያንስ ነው።

የሥነ ሕዝብ ትሩፋት የሚባለው ከዚህ የሚወጣ ነው። የሕፃናት ሞት ይቀንሳል። ትንሽ ቆይቶ የውልደት መጠን ይቀንሳል። በመሃል የተወለደው ትልቅ ትውልድ ያድግና ሥራ ላይ ይሰማራል፤ ከኋላው የሚከተለው ሕፃን ግን ጥቂት ነው። ደቡብ ኮሪያ በ1960 አንዲት ሴት በአማካይ 6 ልጅ ገደማ ትወልድ ነበር። በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በታች ሆነ። ከ1965 እስከ 1990 ምሥራቅ እስያ ካሳየችው አስደናቂ እድገት እስከ አንድ ሦስተኛ የሚደርሰውን የዕድሜ ስብጥር ለውጡ እንዳመጣው የገመቱ ኢኮኖሚስቶች አሉ።

ትሩፋት ይባል እንጂ በራሱ የሚመጣ ገንዘብ አይደለም። ወጣቱ ብዛት ኖሮት ሥራ ከሌለው ሁለተኛው ክፍልፋይ ይወድቅና ሦስተኛው ያመጣውን ይበላዋል። ዕድሉም ዘላለማዊ አይደለም። ያቺው ኮሪያ በ2023 የውልደት መጠኗ በአንዲት ሴት 0.72 ልጅ ደርሷል። ያ ትልቅ ትውልድ አርጅቶ ጡረታ ሲወጣ ሂሳቡ ይገለበጣል።

ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ መኖሩ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ከተማ ውስጥ በአብዛኛው ይጠቅማል። አሠሪና ሠራተኛ ቶሎ ይገናኛል፣ ዕቃ አቅራቢው ቅርብ ነው፣ ሙያ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። የከተማ ስፋት እጥፍ ሲሆን ምርታማነት ከ3 እስከ 8 ፐርሰንት እንደሚጨምር ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ገጠር ላይ መሬት ተሸንሽኖ ሲያልቅ ግን ሌላ ነው። «ጥግግት» የሚል አንድ ቁጥር ብቻውን ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያወራ አይነግራችሁም።

የሰብዓዊ ልማት ኢንዴክስ ምንድን ነው?

የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ1990 ያስተዋወቀው መለኪያ ነው። ዋና ጠንሳሹ ፓኪስታናዊው ኢኮኖሚስት ማህቡብ ኡል ሐቅ ነበር፤ ህንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴንም አግዞታል። ሦስት ነገር ይመዝናል፦ ጤናን፣ ትምህርትንና የኑሮ ደረጃን። ጤናው ሲወለዱ በሚጠበቅ አማካይ ዕድሜ ይለካል። ትምህርቱ አዋቂዎች በተማሩት አማካይ ዓመትና ሕፃናት ይማራሉ ተብሎ በሚጠበቀው ዓመት ይለካል። ኑሮው ደግሞ በነፍስ ወከፍ ብሔራዊ ገቢ ነው። ውጤቱ ከ0 እስከ 1 ነው። ከ0.550 በታች ዝቅተኛ፣ ከ0.800 ጀምሮ በጣም ከፍተኛ ይባላል።

«ኢንዴክሱ ገቢን ይወስናል?» ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ትምህርት ሲስፋፋ የክልል ገቢ በእርግጥ ይጨምራል?

ለግለሰብ ሲታይ መልሱ ግልጽ ነው። ከብዙ አገሮች በተሰበሰበ መረጃ አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት ደመወዝን በአማካይ 9 ፐርሰንት ገደማ ከፍ ያደርጋል። ጥርጣሬው «ጎበዝ ልጅ ስለሆነ ይሆናል እንጂ ትምህርቱ ነው ወይ?» የሚለው ነበር።

ለዚህ ጥሩ መልስ የሰጠችው ኢንዶኔዥያ ናት። ከ1973 እስከ 1978 ባለው ጊዜ የነዳጅ ገንዘብ ሲገባ መንግሥት ከ61,000 በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ሠራ። ብዙ ልጅ ከትምህርት ውጭ የነበረበት አካባቢ ብዙ ደረሰው። ስለዚህ የተለያዩ አካባቢዎችንና የተለያዩ የዕድሜ እርከኖችን ማነጻጸር ተቻለ። በ2019 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዷ የሆነችው አስቴር ዱፍሎ ቆጠረችው። ለ1,000 ልጅ አንድ ተጨማሪ ትምህርት ቤት የትምህርት ዘመንን ከ0.12 እስከ 0.19 ዓመት፣ ደመወዝን ደግሞ ከ1.5 እስከ 2.7 ፐርሰንት ጨምሯል። ትንሽ ቢመስልም አንድ ትውልድ ሙሉ ነው።

ታሪኩ ግን እዚህ አያልቅም። ያው መርሐ ግብር ሲጠና የተማሩት ወጣቶች በብዛት ወደ ሥራ ሲገቡ በዚያው አካባቢ ቀድመው ሥራ የያዙት ሰዎች ደመወዝ ወደ ኋላ ቀረ። የተማረው ሰው በዛ፤ ፋብሪካና ካፒታሉ ግን በዚያው ፍጥነት አልተከተለም። ለግለሰብ የሚሠራው ስሌት ለክልል ሲባዛ የሚሳሳው ለዚህ ነው።

ሌላም በጓሮ በር የሚመጣ ውጤት አለ። ሴት ልጅ ረጅም ጊዜ ስትማር ዘግይታ ታገባለች፣ ጥቂት ልጅ ትወልዳለች፣ ልጆቿም ጤነኛ ይሆናሉ። ስለዚህ ትምህርት ተካፋዩን ብቻ ሳይሆን አካፋዩንም ይነካል። ሕዝብንና ሰብዓዊ ልማትን ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች አድርጎ መደርደር የማይመቸኝ በዚህ ነው።

ጤናስ?

የአሜሪካን ደቡብ እንውሰድ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል ክልሉን ወርሮት ነበር። ደም ያሳንሳል፣ ሰውን ያደክማል። በአሜሪካዊው ባለጸጋ ሮክፌለር ገንዘብ የተቋቋመ ኮሚሽን ከ1910 ጀምሮ ሲመረምር ለትምህርት ከደረሱት ልጆች 40 ፐርሰንት ያህሉ ትሉ ተገኘባቸው። መድኃኒት ተሰጠ፣ መጸዳጃ ቤት ተስፋፋ። ትሉ በብዛት በነበረባቸው አካባቢዎች የልጆቹ የትምህርት ገበታ ላይ መገኘት ጨመረ። እነዚያ ልጆች አድገውም የተሻለ ገቢ አገኙ።

ጊዜውን ልብ በሉልኝ። መድኃኒቱ የተዋጠው በ1910ዎቹ ነው፤ ደመወዙ የታየው ከአሥርት ዓመታት በኋላ። የዘንድሮን የጤና በጀት ከዘንድሮ ገቢ ጋር አስተያይቶ «ለውጥ የለም» ማለት ትርጉም የለውም።

ኢንዴክሱ ከፍ ብሎ ገቢው ዝቅ ያለ ክልል እንዴት ይኖራል?

ሞልቷል። ዮግያካርታን ተመልከቱ። የዩኒቨርሲቲዎች ከተማ ናት። በኢንዶኔዥያ የሰብዓዊ ልማት ደረጃ ከጃካርታ ቀጥሎ ስትጠራ የቆየች ናት፤ የነፍስ ወከፍ ምርቷ ግን ከአገሪቱ አማካይ በታች ነው። ከባድ ኢንዱስትሪና ማዕድን የላትም። ያስተማረቻቸውም ብዙዎቹ ሌላ ቦታ ሄደው ይሠራሉ። በዚያው አገር የፓፑዋ ግዛት በ2010ዎቹ ተቃራኒው ነበረች። ግራስበርግ የተባለው ግዙፍ የወርቅና የመዳብ ማዕድን እዚያ ስላለ ምርቷ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ አያሳፍርም። ሰብዓዊ ልማቷ ግን ከአገሪቱ መጨረሻ ነበር። ማዕድኑ ብዙ ያወጣል፤ የሚቀጥረው ሰው ግን ከሕዝቡ ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ትርፉም አብዛኛው እዚያ አይቀርም።

ሦስተኛዋ ኬረላ ናት። ይህቺ የህንድ ግዛት በ2011 ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ነዋሪዋ 94 ፐርሰንት ነበር። ውልደቱም ቀድሞ ነው የቀነሰው። ሆኖም ለአሥርት ዓመታት ገቢዋ ከህንድ አማካይ በታች ነበር። በ1970ዎቹ የተማረው ሰው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች መጉረፍ ጀመረ። የላከው ገንዘብ ቀጥታ በግዛቲቱ ምርት ውስጥ ባይገባም ቤት ሲሠራበት፣ ሲነገድበትና ሲታከሙበት ምርቱን አነቃቃው። ዛሬ ኬረላ ከአገሪቱ አማካይ በላይ ናት። ሰብዓዊ ልማቱ ከፍሏል፤ የከፈለው ግን ዘግይቶና ዞሮ ነው።

የትኛው ይቀድማል፣ ገቢ ወይስ ሰብዓዊ ልማት?

ሁለቱም እርስ በርስ ይጎተታሉ። ገቢ ትምህርት ቤት ይሠራል፤ የተማረ ሰው ገቢ ያመጣል። ግን ሚዛኑ እኩል አይመስልም። ከ1960 እስከ 1992 ያለውን ጊዜ ያየ አንድ የታወቀ ንጽጽር ሰብዓዊ ልማታቸው ከቀደመ አገሮች አንዳንዶቹ ቆይተው ሁለቱንም ማሳደግ ሲችሉ፣ እድገታቸው ቀድሞ ሰብዓዊ ልማታቸው የቀረው ግን ወደ ኋላ ተመልሰው እንደወደቁ አሳይቷል። ለክልሎችም እንዲሁ ይሠራል ብዬ በእርግጠኝነት አልናገርም፤ ክልል የሰውና የገንዘብ ድንበር የለውም። ግን ውርርድ ብባል በዚያ በኩል እወራረዳለሁ።

ሰው ከድሃ ክልል ወደ ሀብታም ሲፈልስ ልዩነቱ ይጠባል?

ሂሳቡ ይጠባል ይላል። በሄደበት ሠራተኛ ይበዛል፤ በቀረው ላይ መሬቱና ሥራው ለጥቂት ሰው ይደርሳል። በተግባር ግን የሚሄደው ማን ነው? ወጣቱና የተማረው ነው። ከ1990 ውህደት በኋላ ምሥራቅ ጀርመን ወደ ምዕራቡ በሄደ ሰው ብቻ በተጣራ ስሌት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አጥታለች። ከሄዱት ውስጥ ወጣት ሴቶች በርካታ ነበሩ። አካፋዩ ሲያንስ ቁጥሩ የተሻለ ይመስላል። የቀረው ሕዝብ ግን ያረጀ ነው።

ኢጣሊያም አለች። ከ1861 ጀምሮ አንድ አገር ናት። ሕጉ አንድ፣ ገንዘቡ አንድ ነው። ደቡቡም ሰው ረጅም ዕድሜ ይኖራል። ግን የደቡቡ የነፍስ ወከፍ ምርት ከሰሜኑ ግማሽ ብዙም አይበልጥም። ከላይ ያለችውን ማባዛት አስታውሱ። ትልቁ ክፍተት ሁለተኛው ላይ ነው። በሰሜን በሥራ ዕድሜ ላይ ካለው ሰው 70 ፐርሰንት የሚጠጋው ሥራ አለው፤ በደቡብ ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር። ሴቶቹ ላይ ደግሞ ይብሳል።

በዚህ ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

አንደኛ፣ ያልኳችሁ ወጥመድ። ኢንዴክሱ ገቢን በውስጡ ይዟል። ገቢን በኢንዴክሱ ማብራራት በከፊል ገቢን በገቢ ማብራራት ነው። ሪግሬሽኑ (አንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር ያለውን ዝምድና የሚለካው ስሌት) በጣም አምሮ ይወጣል፤ ማማሩም ምንም አያረጋግጥም። አማካይ የትምህርት ዓመትንና አማካይ ዕድሜን ለየብቻ አስገቡ። አንዳንድ አገሮች ለክልሎቻቸው ሲያሰሉ በገቢ ፈንታ የነፍስ ወከፍ ወጪን ይጠቀማሉ። ኢንዶኔዥያ እንዲያ ታደርጋለች። ችግሩን ያቀለዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሁለተኛ፣ የሕዝብ ብዛት የነፍስ ወከፉ አካፋይም፣ ገቢን ያብራራል የተባለው ገላጭ ቁጥርም ሆኖ ሁለት ጊዜ ይገባል። ቆጠራው ከተሳሳተ ስህተቱ ሁለቱም ቦታ ይገባና የሌለ አሉታዊ ዝምድና ይፈጥራል። ከብዛቱ ይልቅ የእድገት መጠኑንና የጥገኝነት ምጣኔውን (ጥገኛው በሥራ ዕድሜ ላይ ካለው ሰው ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደሆነ) መጠቀም ይሻላል።

ከዚያ ለጊዜ ቦታ ስጡ። የዛሬን ገቢ ከዛሬ ትምህርት ጋር ሳይሆን ከአምስት ወይም ከአሥር ዓመት በፊቱ ጋር ሞክሩት። ፓናል ዳታ፣ ማለትም የእነዚያኑ ክልሎች የብዙ ዓመት መረጃ፣ ካላችሁ እያንዳንዱ ክልል የራሱ የማይለወጥ ጠባይ ስላለው፣ ማለትም ወደብ፣ ማዕድን፣ የአየር ንብረት፣ ያንን ነጥላችሁ ያዙ። ዋና ከተማዋንና የማዕድን ክልሉን አውጥታችሁም ደግማችሁ አስሉት። ብዙ ጊዜ ውጤቱን ተሸክመው የሚገኙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አማካሪያችሁ ካልጠየቃችሁ ፈታኙ ይጠይቃችኋል።

በመጨረሻም ክልሎችን አነጻጽራችሁ ስለ ግለሰብ አትደምድሙ። የተማረ ክልል ሀብታም ነው ማለት እዚያ ያለው ሀብታም የተማረው ነው ማለት አይደለም።

የክልል መረጃ ከየት ይገኛል?

ከየአገሩ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት መጀመር ነው። ለአውሮፓ ዩሮስታት አለ። ለብዙ አገሮች ደግሞ በኔዘርላንድስ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ያለው ግሎባል ዳታ ላብ ከ160 በላይ አገሮችን በክልል ከፋፍሎ ኢንዴክሱን ያወጣል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። የሕዝብ ቁጥሮች በሁለት ቆጠራዎች መካከል ትንበያ ናቸው፤ ቆጠራ ከዘገየ ትንበያው ከእውነቱ ይርቃል። ግሎባል ዳታ ላብም ለብዙ አገሮች የክልሉን ገቢ የሚገምተው ቤተሰቦች ካላቸው ንብረት ነው፦ ከወለሉ፣ ከመብራቱ፣ ከቴሌቪዥኑ። ስለዚህ ከማዕድን ክልል የነፍስ ወከፍ ምርት ጋር ስታስተያዩት ሁለቱ ባይገጥሙ አትደንግጡ።